ባዶ ነው ስለሚባለው ጠመንጃ፦ ከአባት በተወረሰ መሣሪያ አያያዝ ላይ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ አባቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፍ በስሙ የተመዘገበ አንድ ክላሽንኮቭና ከአያቴ የመጣ አንድ አሮጌ ምንሽር ትቶ ነው ያለፈው። እኔ ደብረ ብርሃን ከተማ ከባለቤቴና ከሁለት ወንዶች ልጆቼ ጋር እኖራለሁ፤ ልጆቹ 6 እና 11 ዓመታቸው ነው። ክላሹ ካዝናው (ጥይት የሚሞላበት ክፍሉ) እንደተሰካ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍራሽ ሥር ተቀምጧል፤ ምንሽሩ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለቤቴ ሥጋት ገብቷታል። አጎቴ ደግሞ «ተቆልፎ የሚቀመጥ ጠመንጃ ሌባ ሲመጣ ምን ይሠራል?» ይላል። እንዴት ባስቀምጣቸው ይሻላል? እንዴትስ ይጸዳሉ? ለአባቴ ሙት ዓመትም ዘመድ ጥይት እንዲተኮስ ይፈልጋል፤ ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦ አባትዎን ነፍስ ይማር። ጥያቄዎን ሳነብ ከሁሉ በፊት ዓይኔ ያረፈው «ካዝናው እንደተሰካ» በሚለው ሐረግ ላይ ስለሆነ፣ የማስቀመጫውን ጉዳይ ለጊዜው ላቆየውና ከዚያ ልጀምር። ባለቤትዎ መሥጋታቸው ልክ ነው። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ ሳይሆን፣ በመሣሪያ ጥገናና በተኩስ አሠልጣኝነት ከ20 ዓመት በላይ ስሠራ፣ ቤት ውስጥ ሰው ጎድተው ወደ እኔ ለምርመራ የመጡ ጠመንጃዎች ታሪክ እጅግ ስለተመሳሰለብኝ ነው። የጠመንጃዎቹ ባለቤቶች ንግግር ከሞላ ጎደል አንድ ነበር፤ «ባዶ መስሎኝ» ይላሉ።

ለዚህ ዓይነቱ አደጋ በአማርኛ የምንጠቀምበት ቃል «ባረቀ» የሚለው ነው። ጥይት ባረቀበት እንላለን፤ ድርጊቱን ለብረቱ ሰጥተን ሰውየውን ከነገሩ እናወጣዋለን። ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ማጽናኛ እንደሚሆን ስለማውቅ ቃሉን አልቃወምም፤ መሣሪያ የሚይዝ ሰው ግን ሊያምንበት አይገባም። ደህና የሆነ ክላሽንኮቭ በተለመደው አኳኋን የሚተኩሰው ጥይት ጎርሶ፣ መምረጫው (ተኩሱን የሚዘጋውና የሚከፍተው ማንሻ) ከመዝጊያ ቦታው ወርዶ፣ ምላጩ ሲሳብ ነው፤ ሦስቱም የሰው እጅ ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ ጥንቃቄውም ያለው በሰው እጅ ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት ለክርስትና በተጠራሁበት አንድ ቤት፣ ሙያዬን የሰሙት ባለቤቱ ከጓዳ ክላሻቸውን አውጥተው እንድመለከትላቸው ጠየቁኝ። አፈሙዙን ይዘው ሰደፉን ወደ እኔ አድርገው ሲያቀብሉኝ «አይስጉ፣ ባዶ ነው» አሉ። ወደ ደጅ ይዤው ወጣሁ፤ አፈሙዙን ወደ ጓሮው አፈር አዘንብዬ ካዝናውን ነቀልሁ፤ መምረጫውን አወረድሁና መቀባበያውን (ጥይት ለማጉረስና ለማውጣት የሚሳበውን እጀታ) ወደ ኋላ ሳብሁ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቀለህ ያለው ጥይት ከጎኑ ተፈናጥሮ ወጣና ጠጠሩ ላይ ተንከባለለ። ሰውየው ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። በኋላ እንደነገሩኝ ያን ጠመንጃ ለመጨረሻ ጊዜ የነኩት ከሦስት ዓመት በፊት ነበር፤ በነዚያ ሦስት ዓመታት ትንሹ ልጃቸው መራመድ ተምሯል።

ያ ጥይት እዚያ እንዴት እንደቀረ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስሕተቱ የተለመደ ነው። ሰው ጠመንጃ ባዶ ላድርግ ሲል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ያቀባብላል፤ የጎረሰው ጥይት ሲወጣ ያያል፤ ከዚያ ካዝናውን ይነቅልና ጨረስሁ ይላል። ነገር ግን መቀባበያው ወደ ፊት ሲመለስ ካዝናው ገና አልተነቀለም ነበርና ሁለተኛውን ጥይት አጉርሶታል። ካዝናው ሲወጣ ጠመንጃው ባዶ ይመስላል፤ በውስጡ ግን አንድ ጥይት ቀርቷል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ብቻ ነው ልዩነቱ፤ ሁልጊዜ ካዝናው ይቅደም።

እርስዎ ዛሬውኑ የሚያደርጉት እንደዚህ ነው። ልጆቹ ከቤት ርቀው ባሉበት ሰዓት፣ ጠመንጃውን ከነጨርቁ በጥንቃቄ አንስተው፣ አፈሙዙ በማንም ሰው አቅጣጫ ሳያልፍ ወደ ጓሮ ይውጡ፤ ጨርቁን ቤት ውስጥ አይፍቱት፤ ሲነሣም ሲፈታም ምላጩ በጨርቁ እንዳይያዝ ይጠንቀቁ። የጭቃ ግድግዳም ሆነ ቆርቆሮ የክላሽን ጥይት አያቆምም፤ ከአፈሙዙ በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ፍጥነት የሚወጣ እርሳስ ነው። በመሆኑም አፈሙዙ የሚመለከተው ለስላሳ የአፈር ክምር ወይም አሸዋ የተሞላ ትልቅ ጆንያ ይሁን፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ጥይትን መልሰው ያነጥራሉ። ጣትዎ ከምላጩ ውጪ፣ በጠመንጃው ጎን ላይ ተዘርግቶ ይቆይ። ከካዝናው ጀርባ ያለውን መልቀቂያ ተጭነው ካዝናውን ወደ ፊት አዘንብለው ይንቀሉት። ቀጥሎ በቀኝ ጎን ያለውን ረጅሙን መምረጫ ያውርዱ፤ ከላይ ሲሆን ዝግ ነው፣ መካከሉ ተከታታይ ተኩስ ነው፣ የታችኛው ነጠላ ተኩስ ነው። መምረጫው ከላይ እንዳለ መቀባበያው እስከ መጨረሻው ስለማይሳብ፣ «ስቤ አየሁት፣ ምንም የለም» የሚሉ ሰዎች በትክክል አላዩም ማለት ነው። አሁን መቀባበያውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ጥይት ከወጣ ይውደቅ፣ በእጅዎ ለመቅለብ አይሞክሩ። መቀባበያውን እንደያዙ በብርሃን ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ቀጥሎም በሌላው እጅዎ ትንሿ ጣት ጥይት መጉረሻውን ይዳስሱ። ዓይን ያየውን ጣት ይመስክር። ከለቀቁት በኋላ እንደገና ይሳቡት፣ እንደገና ይዩት፤ በመጨረሻም መምረጫውን ወደ ላይ ይመልሱ። ይህን ከዚህ በፊት በእጅዎ ካልሠሩት ደግሞ ብቻዎን አይጀምሩት፤ ጠመንጃው እንዳለ ሳይነካ ክፍሉ ተቆልፎ ይቆይና ፖሊስ ወይም በሥራው የሠለጠነ ሰው መጥቶ ያውጣልዎ።

ይህን ምርመራ መሣሪያው ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ በተላለፈ ቁጥር፣ ከማስቀመጫው በወጣ ቁጥርና ሊገባ ሲል መድገም የሙያው ልማድ ነው። አሁን ያየሁትን ጠመንጃ ለባልደረባዬ ሳቀብለው እሱም ደግሞ ያያል፤ እኔም አልቀየመውም። በአገራችን ሽማግሌ የሰጠውን መሣሪያ ፊት ለፊቱ መመርመር እንደ አለማመን ሊቆጠር ይችላል፤ ይህ ይሉኝታ ግን ሰው ስላስገደለ መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ወደ ማስቀመጫው ልምጣ። ፍራሽ ሥር፣ ቆጥ ላይ፣ እህል ውስጥ ወይም ሣጥን ውስጥ ከልብስ በታች ማድረግ መደበቅ እንጂ ማስቀመጥ አይደለም፤ ልጆች ደግሞ በቤታቸው ውስጥ ወላጅ የደበቀውን ሁሉ ያውቃሉ። የኔ ምክር ከብረታ ብረት ሠራተኛ ዘንድ ከወፍራም ላሜራ የተሠራ ረጅም ሣጥን እንዲያሠሩ ነው። ክላሹ ርዝመቱ 87 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ምንሽሩ ግን ከዚያ በጣም ሊረዝም ስለሚችል፣ እሱም ከግድግዳ ሲወርድ እንዲገባበት ለክተው ለሁለቱም የሚበቃ ያድርጉት። ማጠፊያው ከውስጥ ይሁን፤ ሣጥኑም ተሸክመውት እንዳይሄዱ በአራት ቡሎን ከወለሉ ወይም ከግድግዳው ጋር ይታሰር። ጥይቱና ካዝናው በሌላ ክፍል፣ በሌላ ትንሽ ሣጥን፣ በሌላ ቁልፍ ይቀመጡ። የሁለቱን ሣጥኖች ቁልፎች አንድ ሰው ባይዛቸው እመርጣለሁ፤ የጠመንጃውን እርስዎ ቢይዙ የጥይቱን ባለቤትዎ ይያዙ። ቁልፍ ሚስማር ላይ ወይም ብርጭቆ መደርደሪያ ላይ ከዋለ ሣጥኑ ክፍት እንደሆነ ይቁጠሩት።

ሣጥኑ እስኪሠራ ድረስ ዛሬ ማታ የሚያገለግል ርካሽ መላ አለ። የተፈተሸውንና ባዶ የሆነውን ክላሽ መቀባበያ ወደ ኋላ ስበው፣ ቀለህ በሚወጣበት ቀዳዳ የብረት ሰንሰለት ወይም የሞተር ሳይክል መቆለፊያ ኬብል ያስገቡና በካዝናው መሰኪያ በኩል ያውጡት፤ ሁለቱን ጫፍ በጓጉንቸር ይቆልፉ። ሰንሰለቱ መካከል ላይ ስላለ መቀባበያው ወደ ፊት ሊዘጋ፣ ካዝናም ሊሰካ አይችልም። ከምላጩ ጀርባ ብቻ ጓጉንቸር ማንጠልጠልን ግን አልመክርም፤ ጥይት በጎረሰ ጠመንጃ ላይ ሲሆን ጓጉንቸሩ ራሱ ምላጩን ሊገፋው ይችላል።

በአሜሪካ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ጠመንጃን ጥይት አውጥቶ ማስቀመጥ፣ መሣሪያውን መቆለፍ፣ ጥይቱን ለብቻ ማድረግና ጥይቱንም መቆለፍ እያንዳንዳቸው በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደርስ የራስ ማጥፋትና የድንገተኛ ተኩስ ጉዳት መቀነስ ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል። አራቱን አንድ ላይ ማድረግ ለእርስዎ ሁለት ሣጥንና ሁለት ጓጉንቸር ማለት ነው።

ስለ ልጆችዎ የበለጠ ልናገር፤ የ11 ዓመቱ ልጅ ከ6 ዓመቱ ይልቅ ያሳስበኛል። ትንሹ በአጋጣሚ ይነካዋል፤ ትልቁ ግን አባቱና አጎቱ ሲያወሩ ይሰማል፣ እንዴት እንደሚቀባበል በፊልም አይቷል፣ ለጓደኛውም ማሳየት ይፈልጋል። በአትላንታ ከተማ ተካሂዶ በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ወንዶች ልጆች በ29 ቡድን ተከፍለው፣ እውነተኛ ነገር ግን እንዳይተኩስ የተደረገ ሽጉጥ በመሳቢያ ውስጥ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ እንዲቆዩ ተደረገ። 21 ቡድኖች ሽጉጡን አገኙት፤ 16ቱ አንስተው ያዙት፤ በ10ሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ልጅ ምላጩን ሳበ። ከያዙት ልጆች አብዛኞቹ ስለ መሣሪያ አደጋ ከዚያ በፊት ምክር የተሰጣቸው ነበሩ። ይህ ማለት ልጅን መምከር አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ካዩ እንዳይነኩ፣ ከክፍሉ ወጥተው ለትልቅ ሰው እንዲነግሩ ደጋግመው ይንገሯቸው። ነገር ግን ምክር የቁልፍን ቦታ አይተካም፤ የልጅን ባሕርይ በሚያውቅ ወላጅ ዘንድ ይህ አከራካሪ ሊሆን አይገባም።

ጥይቱም ብቻውን መጫወቻ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። በገጠር ልጆች ያገኙትን ጥይት ምድጃ ውስጥ ሲጥሉ ይታያል። ከጠመንጃ ውጪ ያለ ጥይት በእሳት ሲፈነዳ እርሳሱ ሩቅ አይሄድም፤ ቀለሁ ግን ተሰነጣጥቆ ይበተንና ዓይን ያጠፋል።

አጎትዎ ያነሱት ጥያቄ ከልምድ የመጣ ስለሆነ በአክብሮት ልመልስላቸው። ሌሊት በድንጋጤ የነቃ ሰው፣ መብራት በሌለበት፣ ሌባውን ከጎረቤቱ ወይም ውሃ ሊጠጣ ከተነሣው ልጁ መለየት ይቸግረዋል። የተኮሰው ጥይትም በእርስዎ ግድግዳ ላይ አይቀርም፤ ተሻግሮ ጎረቤት የተኛበት ክፍል ይገባል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ቤት ከቤት በተጠጋጋበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠንካራ መቀርቀሪያ፣ የደጅ መብራት፣ ውሻ፣ ከጎረቤት ጋር የተስማሙበት የመጠራሪያ ዘዴ ለቤትዎ ካልተቆለፈ ጠመንጃ የተሻለ ጥበቃ ናቸው። አጎትዎ የሚፈሩት ሌባ በዓመታት አንድ ሌሊት ቢመጣ ነው፤ ልጆችዎ ግን 365ቱንም ቀን እዚያው ቤት ውስጥ ናቸው።

ሰዎች ሊያነሡት የማይወዱት ሌላ ምክንያት አለ። ጠመንጃ በቤት ውስጥ ከሌባ ይልቅ የሚገናኘው ከቤቱ ሰው ንዴትና ሐዘን ጋር ነው። የድንበር ጠብ፣ የውርስ ክርክር፣ ከአረቄ በኋላ የተነሣ ስድብ፣ ፈተና የወደቀ ወይም ልቡ የተሰበረ ወጣት፤ እነዚህ ሁሉ ስሜቶች የሚያልፉ ናቸው፣ በቅርብ ያለ መሣሪያ ግን የሚያልፈውን ስሜት የማይመለስ ያደርገዋል። የእስራኤል ጦር በ2006 እ.ኤ.አ. ወታደሮች ለሳምንት መጨረሻ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጠመንጃቸውን በካምፕ እንዲተዉ ማድረግ ሲጀምር፣ በወታደሮቹ ዘንድ ይታይ የነበረው ራስን የማጥፋት መጠን በ40 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ ቅናሹም በዋናነት የታየው በሳምንት መጨረሻ ቀናት ነበር። ወጣቶቹ ያው ወጣቶች ነበሩ፤ የተለወጠው የመሣሪያው ርቀት ነው። እርስዎም ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ነዎት። ከቤታችሁ ሰው መካከል አንዱ እንቅልፍ ያጣ፣ ሰው የሸሸ፣ «መኖር ሰለቸኝ» ማለት የጀመረ ቢኖር፣ ሣጥን መቆለፍ ብቻ አይበቃም፤ መሣሪያው ለፖሊስ በአደራ ተሰጥቶ ከቤቱ ይውጣ፤ ሰውየውም ብቻውን አይተው፣ ወደ ሐኪምም ይወሰድ።

ስለ ጽዳት የሚነሣው ጥያቄ ደብረ ብርሃን ላይ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ያስቸግራል። ብርዱ ሌሊት ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ጠዋት ምድጃ ሲነድ ወይም ውሃ ሲፈላ እንፋሎቱ በብረቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ጨርቅና የቆዳ አፎት ያን እርጥበት ስለሚይዙት ጠመንጃን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ማዛግ ነው። ከጽዳት በፊት ከላይ የነገርሁዎትን ምርመራ አድርገው ጥይት ከክፍሉ ያውጡ፤ ጠመንጃ ሲወለወል የሚደርሰው አደጋ ሁሉ ይህ ሲዘለል የሚደርስ ነው። በአገራችን እጅ ያለው አሮጌ የምሥራቅ አውሮፓ ጥይት ብዙ ጊዜ በማቀጣጠያው (ሲመታ ባሩዱን በሚለኩሰው የጥይቱ ግርጌ) ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲቃጠል ጨው ይተዋል፤ ጨዉም እርጥበት እየሳበ አፈሙዙን ከውስጥ ይበላዋል። ይህን ጨው ዘይት አያሟሟውም፣ ሙቅ ውሃ ግን ያጥበዋል። ስለዚህ የተተኮሰበት ጠመንጃ ውስጡ በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ከዚያ በቀጭኑ የመሣሪያ ዘይት ይቀባ። የምግብ ዘይትና ቅቤ እየቆዩ ይጋገራሉና አይጠቀሙባቸው። ላምባ ቆሻሻ ያነሣል፤ ብረቱን ግን ደረቅ አድርጎ ስለሚተወው ከእሱ በኋላ ዘይት ግድ ነው፤ ኩራዝ ወይም ከሰል ባለበት ክፍል ደግሞ በፍጹም አይሠራበትም። ጥይት መጉረሻው ውስጥ ዘይት እንዳይቀር በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጥይቱንም ዘይት አይቀቡት፣ ዘይት ወደ ማቀጣጠያው ሲሰርግ ጥይቱ ይከሽፋል። የዛገ፣ የተቆለመመ ወይም እርሳሱ የላላ ጥይት ለፖሊስ ይመለስ።

ለሙት ዓመቱ ስለሚፈለገው ተኩስ፣ የአባትዎን ክብር የሚሹ ዘመዶች ሐሳብ ይገባኛል፤ በአርበኛና በአገር ሽማግሌ ቀብር ላይ ጥይት መተኮስ በብዙ አካባቢ የቆየ ወግ ነው። ነገር ግን ወደ ላይ የተተኮሰ እርሳስ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ቢወጣ እንኳ ሲመለስ የራስ ቅልን ለመስበር የሚበቃ ኃይል ይኖረዋል፤ በሰው በተጨናነቀ ድንኳን አጠገብ ደግሞ ማንም ቀጥ አድርጎ አይተኩስም፤ ጋደል ካለ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ስለ ተዝካሩ የማያውቅ ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሐዘኑ በፉከራና በሙሾ፣ ፎቶግራፉንና ምንሽሩን ባዶውን አደባባይ በማውጣት ይገለጽ እንጂ፣ አይተኮስ ብዬ በግልጽ እመክርዎታለሁ። በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢደርስ የተኮሰው ሰው «ለወግ ነው» በማለት አያመልጥም፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል።

ከሕግ ጋር በተያያዘ፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ የተመሠረተ አድርጎታል። የአባትዎ ምዝገባ የተያዘው በእርሳቸው ስም ስለሆነ እንደ መሬትና ከብት በዝምታ ወደ እርስዎ ተላልፏል ብለው አይቁጠሩት። የሞት ማስረጃውንና የቀድሞውን ፈቃድ ይዘው ወደ አካባቢዎ ፖሊስ ይሂዱ። በመጀመሪያው ቀን ጠመንጃውን ይዘው አይሂዱ፤ ሁለቱም መሣሪያዎች በቤትዎ እንዳሉ ያሳውቁና እንዴትና መቼ እንደሚያቀርቧቸው ጠይቀው በተነገርዎት መንገድ ያቅርቡ። ክላሹን ማቆየት ካልፈለጉም የሚያስረክቡት በዚያው በኩል ነው፤ ለወንድም ወይም ለገዢ በእጅ ማሳለፍ አይገባም።

የቀረው ምንሽሩ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት መሣሪያ ፍቅር እንዳለኝ አልደብቅም፤ ከአያት የመጣ ምንሽር በሳሎን ግድግዳ ላይ የቤተሰብ ታሪክ ነው፣ ከዚያ እንዲነሣም አልፈልግም። ይሁን እንጂ አሮጌ መሣሪያ ስለሆነ ብቻ አልሞተም፤ የዛገ ምንሽር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የተረሳ ጥይት ሊገኝ ይችላል፤ ምንጮቹና መቺው ያረጁ ከሆነም ከግድግዳ ሲወድቅ ሊተኩስ ይችላል። ተመሳሳይ የሚመስል ጥይት ፈልጎ መሞከርም ጠመንጃውን ፊት ላይ ማፈንዳት ነው። ይህኛውን እራስዎ አይፈትሹት፤ የዛገ መቀርቀሪያ ሲታገሉት ስለሚያደናግር ለባለሙያ ያሳዩት። ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ባለሙያው ጥይቱን የሚያጎርሰውንና የሚቀረቅረውን ብረት ከጠመንጃው ያውጣልዎ። ያን ብረት በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠቅልለው፣ የጠመንጃው መለያ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አስረውበት፣ ባለቤትዎ ቁልፉን በሚይዙት ትንሹ ሣጥን ውስጥ ያኑሩት፤ ምንሽሩ ግድግዳው ላይ ይመለስ።